የቦቢ ነገር ከጎረቤቴ ሊያጣላኝ ነው

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ እትዬ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሸዋ በር አካባቢ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ ሆነን እንኖራለን። ውሃው የጋራ፣ በሩ የጋራ፣ ቡናውም የጋራ ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከኩታበር ቡችላ አመጣንለትና ቦቢ አልነው። አሁን ትልቅ ውሻ ወጥቶታል። ሰው አይናከስም። ማታ ግን ኮሽ ካለ ይሰማል፤ ግቢውን ሁሉ ይጠብቃል።

ችግሩ ለመናገርም ያሳፍራል። ፊት ለፊታችን ያሉት እናት ሙስሊም ናቸው። ሰፈሩ በአክብሮት ዱበርቲ እያለ ነው የሚጠራቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤታቸው ዱዓ አለ። ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል። ቦቢ ታዲያ ሄዶ እግሩን ያነሳና ጫማዎቹ ላይ ይሸናል። ሁሉም ላይ ሳይሆን ሁለት ሦስቱን መርጦ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ አይቼ፣ ማንም ሳያየኝ በውሃ ለቅለቅ አድርጌ ዝም አልኩ። ባለፈው ሐሙስ ግን ከወረኢሉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን ሲያጠልቁ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ጎረቤቴ እትዬ ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ ልጄን ጠርተው «ውሻውን ትያዝልኝ ብለዋል በላት» አሉት። ከዚያ ወዲህ ለቡና አልጠሩኝም።

ባለቤቴ «ውሻ አይደል እንዴ! ጫማቸውን ለምን ወደ ውስጥ አያስገቡም?» ይላል። ልጄ ደግሞ ቦቢን ልትሰጡብኝ ነው ብሎ ያለቅሳል። ምን ላድርግ?

የቦቢ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እታለሜ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ውሻው የምነግርሽ ብዙ አለኝ። ያ ግን ይቆየን። መጀመሪያ ይህን መጽሔት አስቀምጪና ነጠላሽን ደርበሽ ፊት ለፊት ተሻገሪ። ዛሬውኑ። ሐሙስ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ቦቢ ጠባዩ እስኪስተካከልም አትጠብቂ።

ለምን እንደማጣድፍሽ ልንገርሽ። እዚህ እኛ ዘንድ ሰው ጎረቤቱን ለመውቀስ ይከብደዋል። ይሉኝታ ይይዘዋል። አንዴ አይቶ ያልፋል፣ ሁለቴ አይቶ ያልፋል። ወቀሳው ሲመጣ ቆይቶ ነው የሚመጣው። አንቺ የመጀመሪያውን ጫማ ለቅለቅ ስታደርጊ ማንም አላየኝም ብለሻል። እኔ ግን አይተውሻል ባይ ነኝ። በራቸው ፊት ለፊት ነው፤ ቤታቸውም እንግዳ ነበረ። አይተው ዝም አሉ። ነገ መጥታ ትነግረኛለች ብለው ጠበቁ። ስላልመጣሽ በልጅ አፍ ላኩብሽ። በልጅ መላካቸውን እንደ ንቀት እንዳትወስጂው። ፊት ለፊት ተናግረው እንዳያሳፍሩሽ ነው።

ይህን በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው የምናገረው። በእንስሳት ጤና ሥራ ደቡብ ወሎ ውስጥ 27 ዓመት ስሠራ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ተከራይቼ ነበር። ውሻ ነበረኝ። ሌሊት እለቀዋለሁ፤ ሲነጋ ይመለሳል። የት እንደሚጸዳዳ አስቤም አላውቅ። አንድ ቀን ለመስክ ሥራ ከወትሮው ቀድሜ ወጣሁ። ገና ጎህ አልቀደደም። የጎረቤቴ አዛውንት በራቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። በአንድ እጃቸው የቆርቆሮ ቁራጭ፣ በሌላው አመድ የያዘ ጣሳ። አመዱን ቀስ አድርገው ነሰነሱበት። ቆርቆሮውን ከስር አስገብተው አነሱት። ወስደው ከአጥሩ ጥግ በቆፈሯት ጉድጓድ ከተቱት። የጉድጓዷ አፍ ለስልሷል፤ የወራት ሥራ ነበረች። ቀና ሲሉ አዩኝ። «እንደምን አደርሽ ልጄ?» አሉኝ። ስለ ውሻዬ ምንም አላሉም። በኋላ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልነግርሽ እያልኩ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ» ነው ያሉት። ያቺን ጉድጓድ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ስለዚህ ሂጂ እልሻለሁ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ንግግር ልምጣ። «ውሻ አይደል እንዴ» የምትለዋን እባክሽ ከቤታችሁ እንዳትወጣ አድርጊ። እሳቸው ጆሮ ከገባች ከሽንቱ ይልቅ እሷ ናት የምታስቀይማቸው። ጫማ ደጅ የሚወለቀው ውስጥ ሰው የሚሰግድበትና ዱዓ የሚያደርግበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ነው። አስገቡት ማለት ያንኑ ሊጠብቁት የሚደክሙበትን ነገር ተዉት ማለት ነው።

እኔና አንቺ እንደ ክርስቲያን ስናየው ጫማው ረጠበ፣ ሸተተ፣ ታጠበ፣ አለቀ። ለእሳቸው እንዲህ አይደለም። ሽንት ነጃሳ፣ ማለትም በሃይማኖታቸው ርኩስ ነው። ነጃሳ የነካው ልብስ ተለብሶ አይሰገድም። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ የውሻ እርጥበት የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር ይታጠባል። እስቲ አስቢው። ሽማግሌው ከወረኢሉ ድረስ መጥተው ዱዓ አድርገው ሲወጡ እግራቸውን እርጥብ ጫማ ውስጥ ከተቱ። የመግሪብ ሶላት ደርሷል። እግራቸውን፣ ካልሲያቸውን፣ ምናልባት የሱሪያቸውን ጫፍ ማጠብ አለባቸው። ያውም በሰው ቤት። ባለቤቲቱ ደግሞ እንግዳቸው ደጃቸው ላይ እንዲህ ሆነባቸው። የተሸማቀቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከአንቺ በፊት እሳቸው ተሸማቀዋል።

ይህን ሁሉ ስልሽ ግን ውሻ ይጠላሉ ብለሽ እንዳትደመድሚ። እንደ ብዙ ወሎዬ የእኔም ዘመዶች ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። ልጅ ሆኜ ሙስሊሟ አክስቴ ቤት ክረምት ክረምት እከርም ነበር። አንድ ቀን የግቢው ውሻ ድስት ላሰ። አክስቴ ድስቱን አልጣለችውም፤ ውሻውንም አልመታችውም። ከጓሮ አፈር ዘግና መጣች። ድስቱ ውስጥ በተን አድርጋ በመዳፏ ዙሪያውን እያሸች አጠበችው። ከዚያ ውሃ ታፈስበታለች፣ ታዞረዋለች፣ ትደፋዋለች። በየዙሩ አንድ ጣት ታጥፋለች። ሰባት ሲሞላ ድስቱን ፀሐይ ላይ ደፋችው። ከዚያ ለውሻው በተሰበረ ገል ውሃ አቀረበችለት። እሷው ናት ያንን ታሪክ ያጫወተችን። አንድ መንገደኛ በውሃ ጥም ምላሱን ያወጣ ውሻ አየ። ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ሞልቶ፣ ጫማውን በአፉ ነክሶ ወጥቶ አጠጣው። በዚህች ሥራው አላህ ማረው። በሐዲስ ያለ ታሪክ ነው። እትዬም ይህን ከእኔና ከአንቺ የበለጠ ያውቁታል። ቦቢን አጥፊው አላሉሽም። ያዢልኝ ነው ያሉሽ። ቃላቸውን እንዳለ ውሰጂው።

ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ጥሬ ቡናና ስኳር በቂ ነው። ሥጋ ነክ ነገር እንደማይሆን ለወሎ ሰው አልነግርም። ልጅሽን ይዘሽው ሂጂ። መልእክቱን ያደረሰው እሱ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ እዚያው ይስማ። ቦቢ ቤት ይቅር። ገብተሽ ከተቀመጥሽ በኋላ አጭር አድርገሽ ተናገሪ፦ «እትዬ፣ ልጁ ነግሮኛል። የመጀመሪያውንም ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ውሻው ደጅ አይታይም።» «ግን» የምትል ቃል አትጨምሪ። ውሻ ስለሆነ ነው፣ ልጁ ስለሚወደው ነው፣ ሌባ ስለሚጠብቅልን ነው አትበይ። እነዚያ ሁሉ እውነት ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን አያስፈልጉም።

የሽማግሌውን ጫማ ጉዳይ ራስሽ አንሺው። ቆዳ ከሆነ ሊበላሽ ይችላል። አዲስ ልግዛላቸው ወይስ ገንዘቡን በእርስዎ በኩል ልላክ ብለሽ ጠይቂ። ባለቤትሽ በዚህ ቅር ቢለው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው እንደሚል ንገሪው። እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። ሕጉን የማነሳው ክስ ይመጣባችኋል ብዬ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌም አያስፈልግም፤ አንድ ጀበና ይበቃል። ነገር ግን «ምን አገባን» የሚለው መከራከሪያ በሕግም ስለማያስኬድ ነው። ባለቤትሽም በሌላ ቀን ብቻውን ብቅ ብሎ ሰላም ይበላቸው። ብዙ ማውራት አይጠበቅበትም።

«አብሽሪ፣ ምንም አይደል» ይሉሻል። ከልባቸው ነው። አንቺ ግን በዚያ አለቀ ብለሽ አትዘናጊ። ቡና ከቀረበ እስከ በረካው ቁጭ በይ።

አሁን ቦቢ ጋ እንምጣ።

ቦቢ የሁለት ዓመት ወንድ ነው፤ አልተኮላሸም መሰለኝ። ጫማው ላይ የሚሸናው ሽንቱ ስለወጠረው አይደለም። አስተውለሽ ከሆነ ጠብ ጠብ የሚያደርጋት ትንሽ ናት። ምልክት እያስቀመጠ ነው። ወንድ ውሻ ከስድስት ወር አንስቶ እስከ ዓመቱ ባለው ጊዜ እግሩን ማንሳት ይጀምራል። አዲስ ሽታ ያለበትን ነገር ሲያገኝ የራሱን ሽታ ይደርብበታል። ለእሱ ጫማ ማለት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ከወረኢሉ የመጣ ጫማ የበግ ጋጣ፣ የሌላ ውሻ፣ የገበያ ሽታ ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው የሚመርጠው። የጎረቤታችሁን ጫማ ያውቀዋል፤ የእንግዳውን አያውቀውም። አንዴ የሸናበት ደጃፍም ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ ይጠራዋል።

ስለዚህ መምታት የለም። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ውሻ ያደረገውንና የደረሰበትን የሚያገናኘው ሁለቱ በአንድ አፍታ ሲከታተሉ ብቻ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ብትቆጪው ስለ ጫማው አያውቅም። ጆሮውን ጥሎ ጎንበስ የሚለው ጥፋቱ ገብቶት አይደለም፤ የአንቺ ቁጣ አስፈርቶት ነው። በፍርሃት የተመታ ውሻ ደግሞ ሰው በማያይበት መሽናት ይማራል እንጂ መሽናቱን አይተውም።

ሐሙስን ለልጅሽ ስጪው። የእሱ ሥራ ይሁን። ከትምህርት ቤት በጊዜ የማይመለስ ከሆነ አንቺ ተኪው። ዱዓው ከሰዓት ከሆነ፣ ሰው መግባት ሳይጀምር በፊት ቦቢን በገመድ አስሮ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ይውሰደው። ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ እንደልቡ ምልክቱን ያስቀምጥ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ሲመለስ ቤት ውስጥ ወይም ጓሮ ታስሮ ይቆይ። ገመዱ አጭር አይሁን፤ ሦስት ሜትር ያህል ይሁን። ውሃና ጥላ ይኑረው። የመጨረሻው እንግዳ ጫማውን አድርጎ ከበር እስኪወጣ አይፈታ። ይህ የሐሙስ ሥራ ነው እንጂ ቦቢን ሙሉ ቀን በየቀኑ እሰሪው ማለቴ አይደለም። ሁልጊዜ የሚታሰር ውሻ ክፉ ይሆናል፤ ያኔ ሌላ ወቀሳ ይመጣል።

በሌሎቹ ቀናት አንቺ ባለሽበት አንድ የአባወራውን አሮጌ ጫማ ደጅ አስቀምጪ። ቦቢ ተጠግቶ ማሽተት ሲጀምር፣ እግሩን ሳያነሳ፣ ስሙን ጥሪው። ወደ አንቺ ሲመጣ ቁራሽ እንጀራ ወይም ዳቦ ስጪው። ቁጣ የለም። ከጫማው ዞር ማለት እንጀራ እንደሚያስገኝ ቀስ በቀስ ይገባዋል። በሁለት ቀን አይሆንም። በትንሹ ስድስት ሐሙስ ታገሺ።

ደጃፉን ስለ ማጽዳት፦ በመጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ምናልባት በራሳቸው ሥርዓት ማጠብ ይፈልጉ ይሆናል። ከፈቀዱ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቢው። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል አድርገሽ አፍስሺበትና ይድረቅ። በረኪና አይሆንም። በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ በተለይ አስም ላለበት ሰው መጥፎ ነው።

ማኮላሸትም ይታሰብ። በብዙ ወንድ ውሾች ላይ ይህን ምልክት የማስቀመጥ ጠባይ ይቀንሰዋል። በሁሉም ላይ ግን አይደለም፤ በተለይ ልማድ ከሆነበት በኋላ ሥልጠናው አብሮ መሄድ አለበት። የሚሠራው ግን ባለሙያ ብቻ ነው፤ በማደንዘዣ። እንደ በሬ በድንጋይ እንቀጥቅጠው የሚል ሰው ካጋጠመሽ ከግቢሽ አስወጪው። ይህን የምለው ያ ነገር ሲደረግ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ደሴ በዚህ ዕድለኛ ናት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለባት። እዚያ ጠይቂ። የከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ይመራሻል።

እግረ መንገድሽን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስወጊው። በየዓመቱ መታደስ አለበት። ካርዱን ይዘሽ ሄደሽ ለእትዬ አሳዪያቸው። እሳቸው ቤት ሕፃናትም ይመጣሉ፤ ደብዳቤሽ ላይ ባይጻፍም ይህ ሐሳብ በልባቸው ሳይኖር አይቀርም። ቦቢ አይናከስም ብለሻል፣ አምንሻለሁ። ቢሆንም ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት ግቢው ሁሉ ይወቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውዪ። ቦቢ ከጫማው ሌላ ቀኑን ሙሉ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ሲሸና የሚያምጥ ወይም ሽንቱ ደም ያለበት ከሆነ ጠባይ አይደለም፤ ታሟል። ያኔ ሥልጠናውን ትተሽ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ልጅሽን ቦቢ አይሰጥም በይው። ሐሙስን ግን አደራ በይው።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው። ሴት ውሻ አለችን። እንግዳ በመጣ ቁጥር እግር ላይ ወጥታ ታሳፍረናለች። ጎረቤታችን «ባለጌ ውሻ» ብላ ልጆቿን ወደኛ ቤት መላክ ትታለች። ሴት ውሻ እንዲህ ታደርጋለች እንዴ? እናቴ «ውሻዋ ታማለች ማለት ነው» እያለች ትጨነቃለች።

መልስ፦ ታደርጋለች። ወንዱም ሴቷም፣ የተኮላሸውም ያልተኮላሸውም ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የወሲብ ጉዳይ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ደስታው፣ ጩኸቱ፣ ግርግሩ ይበዛባትና በዚያ ታወጣዋለች። ለእናትህ ይህን ንገራቸው፤ ይረጋጉ።

እንግዳ ከመድረሱ በፊት አውጥተህ አሯሩጣት። እንግዳው ሲገባ አንገቷ ላይ ገመድ ይኑር። ለመውጣት ስትነሳ አትጩህ፣ አትሳቅም። ሁለቱም ለእሷ ጨዋታ ነው። ገመዱን ይዘህ ዝም ብለህ ወደ ሌላ ክፍል ውሰዳት፤ ስትረጋጋ መልሳት። እንግዳውም እግሩን ማወናጨፍ ትቶ ቆም ብሎ ፊቱን ያዙር። «ቁጭ» ማለትን አስተምራት፤ ቁጭ ያለች ውሻ እግር ላይ አትወጣም። ነገሩ በድንገት የጀመራት ከሆነና ብልቷን አዘውትራ የምትልስ ከሆነ ግን ሐኪም ይያት፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ለጎረቤታችሁ ልጆች ደግሞ ራስህ ሂድ። «ከእንግዲህ ልጆቹ ሲመጡ ውሻዋ ታስራ ትቆያለች» በላት። እናትህን አትላክ። ውሻዋን ያመጣሃት አንተ ከሆንክ አንተ ነህ መናገር ያለብህ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ውሻ የለኝም፤ ወቀሳው የእኔ ነው። ሐይቅ ከተማ ትንሽ ሱቅ አለኝ። የጎረቤቴ ውሻ ጠዋት ጠዋት የሱቄ በር ላይ ይጸዳዳል። ደንበኛ ይረግጠዋል። አምስት ወር ዝም አልኩ። አሁን ሳየው ደሜ ይፈላል። አንዳንዱ ሰው መርዝ አድርግለት ይለኛል። ባለቤቱን እንዴት ልንገረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መርዝ የሚሉህን ሰዎች አትስማ። መርዝ የተቀባ ሥጋ የጎረቤትህን ውሻ ብቻ መርጦ አይገድልም። የሌላ ሰው ውሻ ይበላዋል፣ ድመት ይበላዋል፣ አሞራ ያነሳዋል፤ ልጅ እጁን ሊያስገባበት ይችላል። የሞተውን ውሻ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ቀብር፣ በአንድ ሠርግ መቆም አትችልም።

አምስት ወር የቆየ ንዴት ይዘህ አትሂድ። እዚያ ሄደህ አምስቱንም ወር እንዳትዘረዝር። ያየኸውን የዛሬውን ብቻ ተናገር። ብቻውን ሲሆን ያዘው፤ ሚስቱና ልጆቹ ፊት አይሁን፣ ጠላ ቤት ወይም የቡና ጨዋታ ላይም አይሁን። «ጋሼ፣ ውሻው ሱቄ በር ላይ እየተጸዳዳ ደንበኛ እየረገጠብኝ ነው። እባክህን ሲነጋ ወደ ሌላ ቦታ ውሰድልኝ» በለው። በቃ። እርግጠኛ ነኝ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ከላይ ያለውን መልሴን አንብበው።

እስኪሰማህ ድረስ ባለው ጊዜ ዓይነ ምድሩን በባዶ እጅህ አትንካው። ልጆችም እንዳይነኩት። የውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። በተለይ ውሻው ሲታረድ የተጣለ ጥሬ ሳንባና ጉበት የሚበላ ከሆነ፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት የሚያመጣው ትል ሊኖርበት ይችላል። ይህንን ለባለቤቱም ንገረው፤ ለራሱ ልጆች ሲል የትል መድኃኒት እንዲሰጠው። በፋሲካም በአረፋም ከበጉ የወጣውን ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ ከመወርወር ቀብሮት ይረፍ።

አመድ ነስንስበት፣ በቆርቆሮ አንሳው፣ ራቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው። በሩን በሳሙናና በውሃ፣ ከዚያም በአቼቶ እጠበው፤ ሽታው ከጠፋ ውሻው ሌላ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ነገ ጠዋት ግን ሱቅህን ሳትከፍት በፊት የሰውየውን በር አንኳኳ።